ፋይላችሁ ተቆልፎ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ላፕቶፑን ስትከፍቱ ፎቶዎቹ ሁሉ ነጭ ወረቀት መስለው ይጠብቋችኋል። አንዱንም መክፈት አይቻልም። በየስማቸው መጨረሻ ላይ የማታውቁት አራት ፊደል ተቀጥሏል። በየፎልደሩም «ሪድሚ» የሚል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ «አትጨነቁ፣ ፋይላችሁ ይመለሳል» ብሎ ይጀምርና 980 ዶላር ይጠይቃል። በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገራችሁን ግማሹ፣ 490 ዶላር ይበቃናል ይላል። ለማሳመኛ አንድ ፋይል በነፃ እንከፍታለን የሚል ግብዣም አለው።

ይህን ካያችሁ የገጠማችሁ ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ሊሆን ይችላል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሲዞር የኖረ ነው (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዜና ላይ ብዙ አይነሳም። ምክንያቱም የሚይዘው ትልልቅ ድርጅት ሳይሆን ተራውን ሰው ነው። ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ፍለጋ የወጣ ተማሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ፣ ኦፊስን አክቲቬት ለማድረግ የሞከረ የሒሳብ ሠራተኛ። የመግቢያ በሩ በአብዛኛው ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያሠራ) እና ኪይጄን (የውሸት የፈቃድ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም) ነው። እኛ አገር ደግሞ ክራክ የሌለበት ኮምፒውተር ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በዚህ ዓይነቱ ላይ ያተኩራል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ግን ለየትኛውም ራንሰምዌር ይሠራሉ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ ጥገና ቤት አትሩጡ። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ «ፎርማት እናድርገው» ነው። ኮምፒውተሩ ይድናል፤ ሊመለሱ ይችሉ የነበሩ ፋይሎች ግን አብረው ይጠፋሉ።

1. ግንኙነቱን ቁረጡ

ዋይፋዩን አጥፉ፤ ኬብል ካለ ንቀሉ። የተሰካ ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካለ ወዲያው አውጡ። ራንሰምዌሩ የተሰካውን ሁሉ እያዳረሰ ይቆልፋልና። ጉግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ኮምፒውተሩ ላይ ካለም ኢንተርኔቱን መቁረጣችሁ የተቆለፉት ፋይሎች ደህነኞቹን ተክተው ወደ ላይ እንዳይሄዱ ይከላከላል።

ኮምፒውተሩ ይጥፋ ወይስ ይብራ? መቆለፉ ገና እየተካሄደ ከሆነ፣ ማለትም ዓይናችሁ እያየ የፋይሎች ስም እየተቀየረ ከሆነ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭናችሁ ያዙና አጥፉት። በነገራችን ላይ ዲጄቪዩ ሥራውን ሲሠራ የውሸት የዊንዶውስ አፕዴት መስኮት የማሳየት ልማድ አለው። ዲስኩ ለምን እንደተጨናነቀ እንዳትጠይቁ ነው። ሁሉም ተቆልፎ ካለቀ ግን ማጥፋቱ የሚያተርፈው ነገር የለም። ከኔትወርክ ነጥላችሁ ተዉት። አንዳንድ ጊዜ አለማጥፋት የሚጠቅምበት አጋጣሚም አለ። በሜይ 2017 ዓለምን ያተራመሰው ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ጊዜ፣ ኮምፒውተራቸውን ሪስታርት ያላደረጉ አንዳንድ የዊንዶውስ ኤክስፒና የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች ቁልፉን ከሚሞሪ ላይ ማውጣት ችለው ነበር።

2. ማስረጃውን ያዙ

የተጻፈላችሁን መልእክት በስልክ ፎቶ አንሡት። የሪድሚ ፋይሉንም አታጥፉት፤ ውስጡ የእናንተ መለያ ቁጥር አለ። ሲ ድራይቭ ላይ «ሲስተም አይዲ» የሚል ፎልደር ካለ በውስጡ «ፐርሰናል አይዲ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል ይገኛል። እሱንም ጠብቁ። ኋላ ላይ ተስፋ አለ የለም የሚለውን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

የፋይሎቹን ስም ወደ ድሮው ለመመለስ አትሞክሩ። የተቀጠለውን አራት ፊደል ስለደለታችሁ ፎቶው አይከፈትም። ይልቅ የመክፈቻ መሣሪያው ፋይሉን እንዳያውቀው ታደርጋላችሁ። መሞከር ካለባችሁ ቅጂ ላይ ሞክሩ።

3. ፓስወርዶቻችሁን ከሌላ መሣሪያ ቀይሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዲጄቪዩ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። አዞረልት፣ ቪዳር፣ ሬድላይን የሚባሉ ሌባ ፕሮግራሞችን አስከትሎ ይገባል። እነሱ ብራውዘር ላይ «ሴቭ» ያደረጋችሁትን ፓስወርድና የገባችሁባቸውን አካውንቶች ኩኪ (ያለ ፓስወርድ የሚያስገባውን ትንሽ ፋይል) ጠራርገው ይልካሉ። ስለዚህ ፋይሉ ቢመለስ እንኳ አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል።

ንጹሕ ከሆነ ስልክ ላይ ሆናችሁ በኢሜይሉ ጀምሩ። ሌላው አካውንት ሁሉ በኢሜይል ነውና የሚመለሰው። ቀጥሎ ፌስቡክ፣ ባንክና ኮምፒውተሩ ላይ የከፈታችሁት ሌላም ሁሉ። ፓስወርድ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውንም ተጫኑ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ «ዲቫይስስ» ከሚለው ሥር ከእጃችሁ ስልክ በቀር ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካልነበራችሁ አሁኑኑ አብሩት።

4. የያዛችሁን ለዩ

ራንሰምዌር አንድ ዓይነት አይደለም። መድኃኒቱም እንደ ዓይነቱ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ «አይዲ ራንሰምዌር» የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ። ማይክል ጊለስፒ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የሠራው ነፃ አገልግሎት ነው። የሪድሚ ፋይሉንና አንድ የተቆለፈ ፋይል ስትሰጡት የራንሰምዌሩን ስም ይነግራችኋል። ሌላው «ኖ ሞር ራንሰም» ነው። ይህንን በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖልና ሁለት የሳይበር ደኅንነት ኩባንያዎች አብረው ነው ያቋቋሙት። መለየትም ይችላል፤ ነፃ የመክፈቻ መሣሪያዎችም ተሰብስበውበታል። ለናሙና የምትሰጡት ፋይል ምስጢር ያለበት አይሁን። የመታወቂያ ስካን ሳይሆን ተራ ፎቶ ይበቃል።

የተቆለፈውን ፋይል ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውሰድ ያጋባል ወይ ብላችሁ አትስጉ። የተቆለፈ ፎቶ የተዘበራረቀ ዳታ ነው እንጂ ራሱ ቫይረስ አይደለም። የሚያስፈራው በታመመው ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ መሰካት ነው። ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ።

እነዚህን ገጾች በታመመው ኮምፒውተር ላይ ብትሞክሩ ላይከፈቱ ይችላሉ። ዲጄቪዩ የድረ ገጽ አድራሻዎች ወዴት እንደሚመሩ የሚወስነውን የዊንዶውስ «ሆስትስ» ፋይል አበላሽቶ የደኅንነት ድረ ገጾችን ይዘጋል። እርዳታ እንዳታገኙ መንገዱን ቀድሞ አጥሮታል ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ጉግል ላይ «ዲክሪፕተር» (የተቆለፈ ፋይል መክፈቻ) ብላችሁ ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን አታውርዱ። በጁን 2020 ዞራብ የሚባል ሌላ ራንሰምዌር የዲጄቪዩ መክፈቻ ነኝ ብሎ ይሠራጭ ነበር። ያወረደው ሰው የተቆለፈው ፋይል ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ተጨመረበት። ቴሌግራም ላይ «ማንኛውንም እንከፍታለን፣ ቅድሚያ ክፍያ» የሚሉትንም እንዲሁ እለፏቸው።

5. ቫይረሱን አጽዱ፣ የተቆለፈውን አስቀምጡ

ዲጄቪዩ ጨርሶ አይሄድም። ፕሮግራሞችን በቀጠሮ በሚያስነሣው የዊንዶውስ «ታስክ ሼድዩለር» ውስጥ ራሱን «ታይም ትሪገር ታስክ» በሚል ስም አስመዝግቦ በየጊዜው ይነሣል። አዲስ ፋይል ብታስገቡ እሱንም ይቆልፈዋል። ስለዚህ ሳታጸዱ ምንም ነገር አትመልሱ።

በዊንዶውስ ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» ጀምሩ፤ ከዚያ እንደ ማልዌርባይትስ ባለ ሁለተኛ መሣሪያ ድገሙት። ከጸዳ በኋላ የተቆለፉትን ፋይሎች፣ የሪድሚውን መልእክትና የሲስተም አይዲውን ፎልደር ባንድነት ወደ ኤክስተርናል ገልብጡ። ላዩ ላይ ቀኑን ጻፉበት። ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ነፃ ሲስተም) ያለበት ፍላሽ ማዘጋጀት ከቻላችሁ በእሱ አስነሥታችሁ መገልበጡ የተሻለ ነው። የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ አይነሣም።

ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የሚቻለው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ብጠየቅ ይጫን እላለሁ። ፓስወርድ ሌባ የገባበትን ሲስተም «ጸድቷል» ብሎ ባንክ መክፈት አይዋጥልኝም።

6. ፋይሉ ሌላ ቦታ የለም?

ከመክፈቻ መሣሪያ በፊት ይህን ፈትሹ። ብዙ ፋይል የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚገርመው ግን ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው።

ቴሌግራም ትልቁ መጋዘናችን ነው። ለጓደኛ የላካችሁት ሲቪ፣ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ የተለቀቀው የክርስትና ፎቶ፣ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ የወረወራችሁት ሰነድ ሁሉ ሰርቨሩ ላይ አለ። ራንሰምዌሩ እዚያ አይደርስም። በየቻቱ ገብታችሁ «ሚዲያ» እና «ፋይልስ» የሚሉትን አገላብጡ። እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ ሙሉ ጥራቱን ይዞ ይቆያል፤ እንደ ተራ ፎቶ የተላከው ግን ትንሽ ይቀንሳል።

ጂሜይል ላይ «ሴንት» የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ለአማካሪው ያልላከው ምዕራፍ አይኖርም። አማካሪው አስተያየት ጽፎ የመለሰውም አለ። ሲቪና ደብዳቤ ያሳተማችሁበት የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይም ፋይላችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እዚያ ቤት ማን ያጸዳል?

ፎቶና ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ አትንኩት። ካርዱ ፎርማት ተደርጎ እንኳ አዲስ ካልተቀረጸበት፣ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የቆየውን ማውጣት ይቻላል። ለሙሽሮቹ በፍላሽ የሰጣችሁት ቅጂም አለ። ደውላችሁ «እስቲ ላንድ ቀን አውሱኝ» ማለት አያሳፍርም።

ጉግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ላይ የነበረውም ተቆልፎ ቢታያችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሁለቱም የፋይልን የቀድሞ ቅጂ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያሉ። «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚለውን እዩ። ጊዜ ስላለው ግን ዛሬውኑ።

የዊንዶውስ የራሱ የቀድሞ ቅጂዎችን ዲጄቪዩ አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋቸዋል። ፋይሉን በቀኝ ክሊክ አድርጎ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ»ን ማየት ግን ምንም አያስከፍልም።

7. የመክፈቻ መሣሪያውን ሞክሩ

ለዲጄቪዩ እውነተኛውን ዲክሪፕተር ያወጣው ኤምሲሶፍት የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ነው፤ ጊዜውም ኦክቶበር 2019። ነፃ ነው። ከራሱ ከኩባንያው ገጽ ወይም ከኖ ሞር ራንሰም ብቻ አውርዱት። ሲሠራ ኢንተርኔት ይፈልጋል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፋይል ያለበት ፎልደር ስጡትና መልሱን እዩ።

መልሱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ራንሰምዌሩ ሥራ ሲጀምር ወደ ሰርቨሩ ይደውላል። ካገኘው ለእናንተ ብቻ የሚሆን ቁልፍ ይሰጠዋል። ይህ ኦንላይን ቁልፍ ነው። ሰርቨሩን ካላገኘው ግን ውስጡ ተደብቆ በመጣው ቁልፍ ይጠቀማል። ያ ኦፍላይን ቁልፍ የዚያ ዝርያ ተጠቂዎች ሁሉ የሚጋሩት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጋ ከተገኘ ለሌሎቹም ይሠራል። የፐርሰናል አይዲያችሁ መጨረሻ በእንግሊዝኛው ፊደል ቲ እና በቁጥር 1 ካለቀ፣ የእናንተ ኦፍላይን ነው። ፋይሉ በተቆለፈበት ሰዓት ዳታ አልቆባችሁ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር? ለአንድ ጊዜ እንኳ የኔትወርክ መቆራረጥ ጠቅሟችኋል። የፐርሰናል አይዲው ፋይል ውስጥ ከአንድ በላይ አይዲ ካለም አትገረሙ። ከፊሉ በኦፍላይን፣ ከፊሉ በኦንላይን ተቆልፎ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው የኦንላይን አይዲ ቁልፍ የለም ካላችሁ በዚህ መንገድ ዛሬ መክፈት አይቻልም። ከኦገስት 2019 መጨረሻ ወዲህ የወጡት ዝርያዎች የሚጠቀሙበት ምስጠራ ትክክለኛ ነውና በግምት አይሰበርም። የኦፍላይን አይዲ ቁልፍ የለም ካላችሁ ደግሞ «እስካሁን አልተገኘም» ማለት ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ደግማችሁ ሞክሩ። ከኦገስት 2019 መጨረሻ በፊት በነበሩት የቆዩ ዝርያዎች ለተቆለፈ ፋይል ሌላ መንገድ አለ። የአንዱን ፋይል የተቆለፈና ያልተቆለፈ ቅጂ ጥንድ አድርጋችሁ ለኤምሲሶፍት ገጽ ትሰጣላችሁ። ከ150 ኪሎባይት በላይ ይሁን። በኢሜይል የላካችሁት ፎቶ እዚህ ጋ ይጠቅማል።

8. ትልልቅ ፋይሎች ላይ የቀረው ተስፋ

ዲጄቪዩ ቸኩሎ የሚሠራ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ፣ 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ቆልፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለአንድ የወርድ ሰነድ ይህ ማለት ሙሉው ሄዷል ማለት ነው። 4 ጊጋባይት ለሆነ የሠርግ ቪዲዮ ግን ከጥቂት ቅጽበት በቀር ሁሉም እዚያው አለ።

ለቪዲዮና ለድምፅ «ሚዲያ ሪፔር» የሚባል የዲስክቱና ነፃ መሣሪያ አለ። በዚያው ካሜራ ወይም ስልክ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ደህና ቪዲዮ እንደ ናሙና ይጠይቃል። ከሌላችሁ ካሜራውን አንሥታችሁ አጭር ቪዲዮ ቅረጹና ስጡት። ኤምፒ3፣ ኤምፒ4 እና ሞቭ ፋይሎችን ይሞክራል።

ዚፕ ፋይሎች ደግሞ ይበልጥ ቀላል ናቸው። ቅጂ አውጡና የተቀጠለውን አራት ፊደል ከስሙ አንሡ። ከዚያ ሰቨንዚፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት። መጀመሪያ ላይ ያሉት አንድ ሁለት ፋይሎች ይበላሻሉ፤ የቀሩት ብዙ ጊዜ ይወጣሉ።

የተደለተ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞችን መሞከርም ይቻላል። አልፎ አልፎ ያወጣሉ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ብዙ አትጠብቁ። የምታወጡትንም እዚያው ዲስክ ላይ አታስቀምጡ።

9. ልክፈል ወይስ አልክፈል?

እኔ አትክፈሉ ባይ ነኝ። ከፍሎ ቁልፍ ያገኘ አለ፤ ከፍሎ መልስ ያጣም አለ። ዋናክራይ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር፤ ማን እንደከፈለ የሚለይበት ደህና አሠራር ግን አልነበረውም። የሚሠራ ቁልፍ ቢሰጣችሁም ችግር አይጠፋም። ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ማስተላለፊያ ኩባንያ በሜይ 2021 ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የተሰጠው መሣሪያ በጣም ዘገምተኛ ስለነበር በራሱ ባክአፕ መሥራቱን ቀጠለ።

አገር ቤት ላለ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። ክፍያው በክሪፕቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። ቢትኮይን ገዝቼ ልላክላችሁ የሚል ደላላ ሲጨመርበት፣ ሁለተኛ የመዘረፍ ዕድል ከፈታችሁ ማለት ነው።

ይልቅ የተቆለፈውን ፋይል ያዙና ጠብቁ። በሜይ 2016 ቴስላክሪፕት የሚባለው ራንሰምዌር ሠሪዎች ሥራቸውን ሲዘጉ ዋናውን ቁልፍ ለሁሉም አወጡት። በኤፕሪል 2020 ሼድ የሚባለው ሌላ ራንሰምዌር ሠሪዎች 750,000 ያህል ቁልፍ ለቀቁ። ፎርማት ያላደረጉት ከፈቱ፤ ያደረጉት ዜናውን አነበቡ።

ሪፖርትም አድርጉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ዓ.ም.) ይህን ድርጊት ይመለከታል። ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ማመልከት ይቻላል። አሜሪካ ያላችሁ የኤፍቢአይን የኢንተርኔት ወንጀል ማመልከቻ ማዕከል፣ እስራኤል ያላችሁ የብሔራዊ ሳይበር ዳይሬክቶሬትን 119 ተጠቀሙ። ፋይሉን ያስመልሳል ብዬ አልዋሽም። ከአካውንታችሁ ገንዘብ ቢወጣ ወይም በስማችሁ ሰው ቢጭበረበር ግን ቀድማችሁ ያመለከታችሁበት ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

10. ኮምፒውተሩ ሲመለስ

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ባክአፕ አብሮ ይቆለፋል። የማይተኩትን ደግሞ፣ የልጆች ፎቶንና የትምህርት ማስረጃን፣ ደመና ላይም አስቀምጡ።

ክራኩን ተዉት። ለኦፊስ ሊብሬኦፊስ፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ፣ ለፎቶ ጊምፕ አለ። ፎቶሾፕን ያህል አይመቹም፣ እውነት ነው። ግን «አንቲቫይረሱን አጥፉና ጫኑት» አይሏችሁም። ይህን የሚል ማንኛውም ፋይል ምን እንደያዘ ራሱ ነግሯችኋል።

የዊንዶውስ አፕዴት ይብራ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» ከሚለው ሥር «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ»ን አብሩ። የማይታወቅ ፕሮግራም የሰነድና የፎቶ ፎልደሮቻችሁን እንዳይነካ ይከለክላል። አልፎ አልፎ ደህናውንም ፕሮግራም ይከለክላል፤ ያኔ ስሙን አይታችሁ ትፈቅዱለታላችሁ። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ ደግሞ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ን ምረጡ። ያኔ ፒዲኤፍ መስሎ የመጣው ፋይል ስሙ በኢኤክስኢ የሚያልቅ ከሆነ ሳትከፍቱት ታዩታላችሁ።